የምርጊት ተራ

ከፈለኝ ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ሲያስተምር የዓለምን ተራሮች ቁመትና የወንዞችን ርዝመት በቃሉ ይወጣው ነበር። የገዛ ቤቱን ግድግዳ ማን እንደሚመርገው ግን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ጠይቆ አያውቅም። ለእሱ ግድግዳ ያው ግድግዳ ነው። ታኅሣሥ ላይ ጧት ወጥቶ ማታ ሲመለስ እርጥብ ሆኖ ይጠብቀዋል፣ ሰንበት ብሎ ይደርቃል፣ ለገና ኖራ ይቀባል። የሚያደርቀው ፀሐይ እንደሆነ ሁሉ የሚመርገውም ፀሐይ ሳይመስለው አልቀረም።

ቤታቸው አማን ከተማ ውስጥ ከአስፋልቱ ወደ ታች በሚወርደው ቀይ መንገድ ዳር ነው። ከጀርባው አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ፣ ጥቂት ቡናና እንሰት አለ። ከመጋቢት እስከ ኅዳር ዝናብ በማያጣው በዚያ አገር የጭቃ ቤት ይዞ መኖር ልጅ እንደማሳደግ ነው፤ ትንሽ ዘወር ካሉበት ይበላሻል። አሸንዳውን የአቮካዶ ቅጠል ይደፍነዋል፣ የቆርቆሮው ሚስማር ይላላል፣ በግድግዳው ሥር ያለው ቦይ በደለል ይሞላል። ምስጡማ የእግዜር ቁጣ ነው። ይህን ሁሉ እየተከታተለች ቤቱን ያቆየችው ባለቤቱ ማናልሞሽ ነበረች፤ እሱ ደብተር ሲያርም እሷ ቦይ ትጠርጋለች።

ከሁሉ የምትወደው ግን ምርጊቱን ነበር። ማናልሞሽ፣ ጎረቤቷ ከድጁ፣ ከታች ቤት ያለችው እማዋይሽና ዳቦ ጋጋሪዋ ውድነሽ የቆየ የምርጊት ተራ ነበራቸው። ዝናቡ ሲያባራ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ በየቅዳሜው ይሰባሰቡና የአንዷን ቤት ግድግዳ ይመርጋሉ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ የሌላዋን። ወንድ እዚያ አይደርስም። ቋሚ መትከልና ማገር መምታት የወንድ ነው፣ ጭቃው የሴት። በእነዚያ ቀኖች የዓመቱ ወሬ ይወራል፣ የተኳረፈ ይታረቃል፣ የባሎች ጉድ አንድ በአንድ ይነሳል። የጭቃው ዳኛ ደግሞ ማናልሞሽ ነበረች። ከጭዱ ጋር የተቦካው ጭቃ መድረሱንና አለመድረሱን በሁለት ጣቷ ቆንጥራ፣ አሸት አድርጋ ትፈርዳለች። «ገና ነው» ካለች ገና ነው፤ ሌሎቹ ወገባቸውን ይዘው እያጉረመረሙ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ።

እሱ ጡረታ በወጣበት ዓመት የእሷ ጣቶች ማበጥ ጀመሩ። ሐኪሙ የመገጣጠሚያ ሕመም ነው አለ፤ ኪኒን ሰጣትና ከቀዝቃዛ ውሃ እንድትርቅ አስጠነቀቃት። ከፈለኝ ሚስቱን ይወዳል፤ ጧት ጧት ጣቶቿ አልታጠፍ ብለው ከሻይ ብርጭቆ ጋር ስትታገል ሲያይ ብርጭቆውን ይይዝላታል። አሰበ፣ አወጣ፣ አወረደ። ከዚያም የተማረ ወንድ ብቻ የሚሠራውን ስሕተት ሠራ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን ነገሩ ተገላብጦ ባል የሚስቱን ግድግዳ ሲሚንቶ አስለሰነ።

ግንበኛው አማኑኤል የድሮ ተማሪው ነው። «ቲቸር፣ የጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ አይሆንም» አለው። «ጭቃው መተንፈስ አለበት። ውስጡ የገባ እርጥበት መውጫ ያጣል።»

«ሽቦ ምታበትና ለስነው» አለ ከፈለኝ። «ሽቦው ይይዘዋል።»

«መያዙንስ ይይዘዋል ቲቸር፣ ግን . . .»

«አማኑኤል፣ ስለ እርጥበት እኔን ነው የምታስተምረኝ?»

ድሮ ካርታ ላይ ሲሳሳት ከቀጣው መምህሩ ጋር ምን ብሎ ይከራከር? ሽቦውን መታ፣ ሲሚንቶውን ለሰነ፣ ክሬም ቀለም ቀባ። ቤቱ ከመንገዱ ሁሉ አማረ። ከፈለኝ ሚስቱን ክንዷን ይዞ በቤቱ ዙሪያ አዞራት። «ማኔ፣ ከእንግዲህ እጅሽን ጭቃ አይነካውም። ይሄ ለዕድሜ ልክ ነው» አላት።

«ያምራል» አለች። ቆይታ ደግሞ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። አብራው ሠላሳ ዓመት የኖረች ሴት እንዲህ በትሕትና ስታመሰግነው ነገር እንዳለ ሊገባው ይገባ ነበር። አልገባውም።

ከዚያ ወዲህ ሌላውን የቤት ሥራ ሁሉ እሱ ያዘው። መቼም ጀመረ ከተባለ ከፈለኝ ፕሮግራም ሳያወጣ አይሠራም። በወር በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ መሰላል አቁሞ አሸንዳውን ይጠርጋል፣ የላላ ሚስማር ያጠብቃል፣ በቦዩ አካፋ ይዞ ይዞራል፣ በረንዳው ላይ ያሉትን የእንጨት ቋሚዎች ሥራቸውን የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባል። መጀመሪያ አካባቢ ሥራው ሳቅ ነበር፤ አንዴ አሸንዳውን በእንጨት እጠርጋለሁ ብሎ ከነማንጠልጠያው ይዞት ወርዷል። ማናልሞሽ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች፣ «በግራ በኩል» ትለዋለች፣ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ከዓመት ዓመት እየረዘመ ሄደ። ከፈለኝ ሕመሙ ነው ብሎ ተቀበለው።

በሦስተኛው ዓመት ኅዳር ላይ፣ የመጨረሻው ዝናብ ሊያባራ ሲል፣ እንደ ልማዱ ዘይት ሊቀባ በረንዳው ጫፍ፣ በምሥራቅ በኩል ካለው የቤቱ ማዕዘን ሥር ተንበረከከ። ሲሚንቶው ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አየ። የያዘውን ካቻቢቴ ለሙከራ አስገባው። ብረቱ ምንም ሳይነካ እስከ እጀታው ድረስ ሰመጠ። ሲያወጣው ጫፉ ላይ እርጥብ አፈርና ሁለት ነጫጭ ምስጦች ነበሩ። ከፍ ብሎ ግድግዳውን በቡጢው መታ፤ እንደ ባዶ ነገር ጮኸ። ላዩን ያማረ፣ ውስጡን ለቄስ!

መጋቢት ዝናቡ ሲመለስ ያ ማዕዘን እንደማይቆም ለማወቅ ግንበኛ መሆን አያስፈልግም። ከፈለኝን ያስጨነቀው ግን ከማዕዘኑ ይልቅ ማናልሞሽ ነች። ያንን ቤት በእጇ ይዛ ሠላሳ ዓመት አቁማዋለች፣ እሱ በሦስት ዓመት ገደለው። ይህን ምን ብሎ ይነግራታል? ሳታውቅ ሊያስተካክለው ወሰነ። ሲሚንቶውን በጥቂቱ ከጀርባ በኩል ፈልፍሎ ጭቃ ሊጠቀጥቅበት አሰበ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ለምርጊት የሚሆነውን አፈር ከየት እንደሚቆፍሩት ስለማያውቅ አጥር ተሻግሮ ከድጁ ዘንድ ሄደ። ከድጁ ከጂማ በኩል የመጣች፣ ገበያ ላይ ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጥ፣ አንደበቷ ከመቀስ የሚፈጥን ሴት ነች።

«ለምርጊት የምትጠቀሙበት አፈር ከየት ነው የሚመጣው?» አላት።

ከድጁ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው። «ምን ሊያደርግልዎ ጋሽ ከፈለኝ? የእናንተ ቤት እንደሆነ ከጭቃ ወጥቷል።»

«እንዲሁ ለማወቅ ነው።»

«ለማወቅ!» አለች። ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ ሳቋን ተወችው። «ወላሂ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ እንዳይቀየሙኝ ግን። ሲሚንቶው በተለሰነ ዓመት የእኔ ተራ ደርሶ ማናልሞሽ ሳፋዋን ይዛ መጣች። እማዋይሽ አክብሮት መስሏት፣ 'አንቺ ደግሞ ምን አደከመሽ፣ ያንቺ ቤት ተገላግሏል፣ እጅሽም ያምሻል' ብላ ወንበር አወጣችላት። እኔ ሻይ ሰጠኋት። እኛ ጭቃ ስንረግጥ እሷ ተቀምጣ ሻይዋን ጠጣች። ጨርሳ ሳፋዋን አነሳችና ሄደች። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።»

«ለምን አትጠሯትም?»

«በምን አፋችን? የእሷን ቤት ላንመርግላት በጉልበቷ ልንጠቀም? ነውር አይደለም እንዴ? እሷም መስጠት እንጂ መለመን አታውቅም። ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ቅዳሜ ቅዳሜ መስኮቷ ላይ ቆማ አያታለሁ። እንዳላየኋት ሆኜ ፊቴን አዞራለሁ፤ ምን ላድርግ?»

ከፈለኝ ስለ አፈሩ የጠየቀውን ረስቶ ወጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው በመጣ ቁጥር ያንን ግድግዳ በመዳፉ እየመታ «ለማናልሞሽ ነው ያሠራሁት» ሲል እንደኖረ አስታወሰና አፈረ። የሚያሳርፋት መስሎት ከሰው መሐል አውጥቷታል።

በማግስቱ ጧት ማናልሞሽ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ባበጡት ጣቶቿ ጠጠሯን ለመያዝ ሁለቴ ሦስቴ ትሞክራለች። ከፈለኝ ከጎኗ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ማኔ፣ ግድግዳው ውስጡ አልቋል። ምስጥ በልቶታል። በእኔ ጥፋት ነው» አላት።

«አውቃለሁ» አለች ቀና ሳትል።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«አምና ነው የሰማሁት። ስጠርግ የመጥረጊያው እጀታ ቢነካው እንደ ባዶ እንስራ ጮኸ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

ምስሩን አስቀመጠችና አየችው። «እንዴት አድርጌ ልንገርህ? አንተ እንዲያ ደስ ብሎህ፣ ቄሱ እንኳን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ መጀመሪያ ግድግዳውን ታሳያቸዋለህ። ስጦታህን እንዴት ልንቀፈው?»

ሁለቱም አንድ የታመመ ግድግዳ መደባበቃቸው መጀመሪያ ያሳቀው እሷን ነው። ትንሽ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ተቋረጠና ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሦስት ዓመት በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኜ ነው የኖርኩት፣ ከፈለኝ» አለች።

እጇን ያዘ፤ እንዳያማት አጥብቆ እንኳን ሊይዘው አልቻለም።

«አፈርሰዋለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ሰው ምን ይለናል?»

«ከፈለኝ ሳያውቅ ገባ ይበላ። እውነት ነው።»

«ካፈረስከው በኋላስ ማን ይመርገዋል? እኔ ለምኜ ሰው አልጠራም።»

«እኔ እለምናለሁ።»

ደግሞም ለመነ። በዚያው ቀን ሦስት ቤት ዞረ። ክፍል ውስጥ ኮሽታ የማይወድ የነበረ መምህር የሴቶች ሥራ ላይ ሊማለድ በየደጁ ሲቆም ማየት ለሰፈሩ ትልቅ ወሬ ነበር። ውድነሽ የዳቦ ዱቄቷን ከእጇ እያራገፈች እሺ አለችው። ከድጁ «ቀኑን ብቻ ይንገሩን» አለች። እማዋይሽ ግን ነገሩን ሰምታ ስትጨርስ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ያን ቀን ወንበር ባላወጣ ኖሮ!» አለች፣ እሱም ተሸማቆ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ሲያስረዳት፣ እሷ የእሷ መሆኑን ስታስረዳው ግማሽ ሰዓት ሄደ።

አማኑኤል መዶሻውን ይዞ መጣ። «ብዬዎት ነበር» ሳይል ሠራ፤ ለዚህም ከፈለኝ ዕድሜ ልኩን ያመሰግነዋል። ሲሚንቶው ከነሽቦው በትልልቁ እየተገነጠለ ወደቀ። ከኋላው ያለው ጭቃ ረጥቦ ሻግቷል፤ የምስጥ መንገድ ከታች እስከ ላይ ተሠርቶበታል። አማኑኤል የማዕዘኑን ቋሚ በእጁ ሲጨብጠው እንደ ደረቅ ዳቦ ፈረሰ። ሁለት ቋሚ ለወጡ። ማናልሞሽ በርጩማዋን ወደ ግቢው አውጥታ የአዲሶቹ እንጨቶች ሥር መሬት ሳይገባ በፊት በእሳት እንዲለበለብ፣ ከዚያ ዘይት እንዲጠጣ አዘዘች። ድምፅዋ ከፍ ብሎ የተሰማው በዚያን ቀን ነው። «ቲቸር፣ እማማ ዛሬ ምን ሆኑ?» አለው አማኑኤል ቀስ ብሎ።

አፈሩ መጣ፣ ጭዱ ተነሰነሰበት፣ ውሃ ጠጣ። ከፈለኝ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ሲረግጥ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ደረሰ ብሎ ጠራት። ቆነጠረች፣ አሸት አደረገች።

«ገና ነው።»

በአራተኛው ቀንም «ገና ነው» አለች። የዓለምን ወንዞች ሁሉ የሚያውቀው ሰው ተመልሶ ጭቃው ውስጥ ገባ። በስድስተኛው ቀን ጣቷን አንዴ ነከር አድርጋ «ይበቃዋል» ስትለው ትልቅ ፈተና ያለፈ ያህል ደስ አለው።

ቅዳሜ ጧት ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው መጡ። ሳፋቸውን በሩ ላይ አስቀምጠው እርስ በርስ ተያዩ። ከድጁ ዝምታ አትችልም። «ማናልሞሽ፣ ባልሽ ደጃችን ሲቆም ሊያስታርቀን መስሎን ነበር፣ ለካስ ጭቃ ሊለምን ነው!» አለችና ግቢው በሳቅ ተናጋ። እማዋይሽ በረጅሙ እቅፍ አደረገቻት።

ከበሩ በስተግራ ያለውን ዝቅ ያለ ቦታ ማንም ሳይነካው ቀረ። ተማክረውበትም አይደለም፤ ሦስቱም ዙሪያውን እየመረጉ ሲመጡ እዚያ ሲደርሱ ዘለሉት። በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚደረስበት ቦታ ነው። ማናልሞሽ አየችው፣ ገባት። በርጩማዋን አስጠጋችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

ከፈለኝ የዚያን ጊዜ ከማዕድ ቤት ወጣ። በሁለት እጁ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ይዟል፤ እንፋሎቱ ይታያል። ከጭቃው በሳፋ ቀነሰና የሞቀውን ውሃ እያፈሰሰበት በእጁ አማሰለ። ሙቀቱን በክንዱ ለካ፣ ለሕፃን ገላ እንደሚደረገው። ከዚያ ሳፋውን እግሯ ሥር አስቀመጠ።

«በሞቀ ውሃ ምርጊት!» ብላ ጮኸች ውድነሽ። «ኧረ ጉድ! ጋሼ፣ ግድግዳውን ገላውን ሊያጥቡት ነው?»

«ጋቢም ይደርቡለታል ማታ» አለች ከድጁ።

ሁሉም ሳቁ። ማናልሞሽ እጇን ለብ ያለው ጭቃ ውስጥ ከተተች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ዝቃ ግድግዳው ላይ ለጠፈች። በመዳፏ ወደ ላይ ሳበችው። ድሮ በአንድ ትንፋሽ የምትስበውን አሁን በሦስት ነው። ሌሎቹ አንድ ሙሉ ጎን ሲጨርሱ እሷ አንድ ክንድ አልሞላችም። ከንፈሯን ስትነክስ አያት።

«ማኔ፣ ሐኪሙ እኮ . . .» ሊል ጀመረ።

«ያመኛል» አለች። «አዎ፣ ያመኛል። ተቀምጬም ያመኝ ነበር፤ ያኔ ግን የሚያመኝ እጄ ብቻ አልነበረም። ውሃው እየበረደ ነው፣ ጨምርልኝ።»

ጨመረላት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲመላለስ ዋለ፤ ውሃ ያሞቃል፣ ያመጣል፣ ይጨምራል፣ አፉን ይዘጋል። ለከፈለኝ ከባዱ ሥራ አፍ መዝጋቱ ነበር። ምርጊቱ ሲያልቅ ከበሩ በስተግራ ያለው ቦታ ከሌላው ትንሽ ጎርበጥ ያለ ነው፤ የጣቶቿ መንገድ ይታይበታል። ከድጁ ልታስተካክል እጇን ሰነዘረች። እማዋይሽ እጇን ይዛ ከለከለቻት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የከድጁ ተራ ነበር። ማናልሞሽ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነስታ አሮጌ ቀሚሷን ለበሰች፣ ሳፋዋን በክንዷ፣ በርጩማዋን በሌላ እጇ ይዛ ለመሄድ ተነሳች። በርጩማውን ላድርስልሽ ሲላት ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ወንድ እዚያ ምን ይሠራል?» ብላ ወጣች።

ብቻውን ቀረ። ቁርሱን ቀማመሰ፣ ተቀመጠ፣ ተነሳ። ቀኑ ማክሰኞ ባይሆንም መሰላሉን አቁሞ ጣራ ላይ ወጣ፤ አንድ የላላ ሚስማር አለ ብሎ ራሱን አሳመነ። ከጣራው ላይ የከድጁ ግቢ ወለል ብሎ ይታያል። ማናልሞሽ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣለች፣ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። ከአጠገቧ ምድጃ ላይ ውሃ ተጥዷል፤ ከድጁ ያለ ማንም ነጋሪ አዘጋጅታዋለች። ማናልሞሽ እማዋይሽን ስለ አንድ ነገር ትቆጣታለች፣ እማዋይሽም እየሳቀች ትሰማታለች። ከዚያ ማናልሞሽ ራሷ ሳቀች። በአፏ ሞልቶ የሚወጣውን፣ ትከሻዋን የሚያርገበግበውን የድሮውን ሳቋን ነው የሳቀችው። ከፈለኝ መዶሻውን ይዞ ቆርቆሮው ላይ እንደተቀመጠ እንባው ወረደ፤ ለመጥረግም አልቸኮለ።

ቀና ስትል አየችው።

«ከፈለኝ!» ብላ ጮኸች፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ። «ውረድ ከዚያ! ብትወድቅ የሚያነሳህ የለም፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ!»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ ጣራው ዞረው ሳቁበት። ከፈለኝ መዶሻውን ኪሱ ከተተ፣ «እሺ» አለ፣ ቀስ ብሎም ወረደ።